በሃይድሮፖኒክስ አትክልት ለትምህርት ቤት ገቢ ማሰባሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያለ አፈር፣ ማዕድን በተሟሟበት ውሃ ላይ አትክልት አልምቶ ለቤተ ሙከራ ዕቃ፣ ለመጻሕፍት ወይም ለመጸዳጃ ቤት ጥገና ገንዘብ ማግኘት ለሚፈልጉ የትምህርት ቤት ክበባትና ለወላጅ መምህር ኅብረቶች የተዘጋጀ ነው። መጠኖቹ የአዲስ አበባን ዓይነት ደጋና ወይና ደጋ አየር ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። እንደ ድሬዳዋ ላሉ ቆላ ቦታዎችና እንደ አዳማና ሐዋሳ ላሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚለየው በየቦታው ተጠቅሷል።

በእርግጥ ገንዘብ ይገኝበታል ወይስ ለማስተማሪያ ብቻ ነው?

ይገኝበታል፤ ነገር ግን ሰላጣ አምርቶ ከጉልት ሻጮች ጋር በዋጋ መፎካከር አያዋጣም። ገንዘቡ ያለው ዘር ከመዘራቱ በፊት በተያዘ ትዕዛዝ፣ በችግኝ ሽያጭና ወላጅ ቤቱ ወስዶ በሚያሳድገው ተክል ላይ ነው።

ስሌቱን በግልጽ እንሥራው፤ ዋጋዎቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። የአንድ ገንዳ ክዳን 72 የተክል ቀዳዳ አለው፤ ከዚያ ውስጥ ለሽያጭ የሚበቃው 60 ራስ ነው ብላችሁ ያዙ። አንዱ በ50 ብር ቢሸጥ በአንድ ዙር 3,000 ብር ይገባል። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ስፖንጅና ማሸጊያ 750 ብር ቢፈጁ 2,250 ብር ይተርፋል። ገንዳውን ለመሥራት 20,000 ብር ወጥቶ ከሆነ፣ ወጪው የሚመለሰው ከ9 ዙር በኋላ ነው። በአንድ የትምህርት ዓመት ደግሞ ከአንድ ገንዳ ከ5 ዙር በላይ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ስለዚህ የመሥሪያውን ገንዘብ ከትምህርት ቤቱ ካዝና ካወጣችሁ የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ ነው። መፍትሔው ዕቃውን በዓይነት ማሰባሰብ ነው፦ ከወላጅ ብሎኬት፣ ከኤሌክትሮኒክስ መደብር የማሸጊያ ፎም፣ ከሌላ ወላጅ ላስቲክ።

ፓምፕ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው?

ለትምህርት ቤት የሌለው። በቧንቧ ውስጥ ውሃ የሚያዘዋውሩት ዘዴዎች ፎቶ ላይ ያምራሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት መብራት ጠፍቶ እስከ ሰኞ ማንም ካላየው ግን ሥሩ ደርቆ ሁሉም ያልቃል። ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ስስ ስለሆነ በፀሐይ ጊዜ ጥቂት ሰዓት እንኳ አይታገሥም።

እዚህ የምንገልጸው ውሃው የሚቆምበትን ዘዴ ነው። የፎም ክዳኑ በገንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ችግኙ በክዳኑ ቀዳዳ በተሰካ የተበሳ ኩባያ ውስጥ ይሆናል፤ ውሃው መጀመሪያ የኩባያውን ታች ይነካል። ተክሉ ሲጠጣ ውሃው ይወርዳል፤ በክዳኑና በውሃው መካከል እርጥብ የአየር ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ ክፍተት ውስጥ የሚያድጉት ሥሮች አየር ይስባሉ፤ ከታች ያሉት ውሃና ማዕድን ይስባሉ። ለዚህ ነው ፓምፕ የማያስፈልገው። ክዳኑ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ግን ክፍተቱ ስለማይኖር አየር መንፊያ የግድ ይሆናል። ሁለቱን ዘዴዎች መቀላቀል በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

አንድ ገንዳ ለመሥራት ምን ምን ያስፈልጋል?

የውስጥ ስፋቱ 2.4 ሜትር በ1.2 ሜትር ለሆነ ገንዳ፦

- ቁመቱ 20 ሳ.ሜ. የሆነ ብሎኬት፣ 20 ገደማ (ወይም 20 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጣውላ)
- ጥቁር ወፍራም ላስቲክ፣ 3.4 ሜትር በ2.2 ሜትር፣ ሁለት ድርብ
- ከ4 እስከ 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ነጭ ስታይሮፎም፣ ለክዳኑ
- 72 ትናንሽ የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ ታቻቸውና ጎናቸው የተበሳ፣ ከክዳኑ በታች 2 ሳ.ሜ. የሚወርዱ
- የፍራሽ ስፖንጅ፣ በ2.5 ሳ.ሜ. ኩብ የተቆረጠ
- የፒኤች (የውሃው አሲድነት ልክ) እና የኢሲ (በውሃው ውስጥ የሟሟው ማዳበሪያ ልክ) መለኪያ

ብሎኬቱ በደረቁ ከተደረደረ የውሃው ግፊት ሊገፋው ስለሚችል በስሚንቶ አያይዙት ወይም ከውጭ አፈር አስደግፉት። ከላስቲኩ በታች አሮጌ ምንጣፍ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ይነጠፍ። አንዲት ሹል ጠጠር ግማሽ ቶን ውሃ ታስጠፋለች። ቀዳዳዎቹ በ20 ሳ.ሜ. ርቀት ይበሱ፤ የመጀመሪያው ረድፍ ከጠርዙ 10 ሳ.ሜ. ገባ ይበል። በርዝመት 12፣ በወርድ 6 ይሆናል። ፎሙ መሐሉ ላይ እንዳይጎብጥ ከሥሩ ሁለት ድጋፍ አስገቡ።

ከሁሉ በላይ መሬቱ ይስተካከል። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የ2 ሳ.ሜ. ልዩነት ካለ በአንድ በኩል ኩባያዎቹ ጠልቀው ይበሰብሳሉ፣ በሌላው በኩል ውሃው ሳይነካቸው ይደርቃሉ። በግንበኛ ውሃ ልክ፣ እሱ ከሌለ ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ አራቱንም ማዕዘን ለኩ።

ገንዳው ሲሞላ ውሃው ብቻ 550 ኪሎ ያህል ይመዝናል። መሐንዲስ ሳያይ ፎቅ ጣሪያ ላይ ወይም በረንዳ ላይ አይቀመጥም።

ምን እንዝራ?

ለመጀመሪያ ዓመት ሰላጣ። ቶሎ ይደርሳል፣ ብርድ ይችላል፣ በራስ ስለሚሸጥ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለተኛው ቆስጣ ነው፤ ውጪ ውጪውን ቅጠል እየቀነጠሱ ደጋግሞ መሸጥ ይቻላል፤ ግን ብዙ ስለሚጠጣ የውሃውን ልክ ተከታተሉ። ናናም ይሆናል።

በሶብላ በሙቀት አገር እጅግ ያምርበታል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅጠሉን ያጠቁረዋል። የጥብስ ቅጠል ሥሩ ውሃ ውስጥ መዋልን አይወድም። ሐበሻ ጎመን ይበቅላል፤ ነገር ግን ገበያ ላይ ርካሽ በሆነ ነገር ገንዳ መያዝ ለምን? ቲማቲምና ቃሪያ ድጋፍ፣ የተለየ ማዳበሪያና ብዙ ወራት ስለሚፈልጉ ይቆዩ።

ዩሪያና ኤንፒኤስ በቀላሉ ይገኛሉ። እነሱን በውሃ ብናሟሟ አይሆንም?

አይሆንም። ዩሪያ ለተክል ምግብ የሚሆነው በአብዛኛው አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሲለውጡት ነው። ገንዳ ውስጥ ያ ሥራ በቅጡ አይሠራም፤ የሚፈጠረው አሞኒያም ሥር ያቃጥላል። ኤንፒኤስ ደግሞ በደንብ አይሟሟም፣ ፖታሲየምም የለውም። አፈር ውስጥ ጉድለቱን መሬቱ ይሞላዋል፤ ውሃ ውስጥ ግን እናንተ ያላስገባችሁት ነገር የለም።

የሚያስፈልገው የአበባ እርሻዎች በጠብታ መስኖ የሚጠቀሙበት፣ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ማዳበሪያ ነው። የግብርና ግብዓት አስመጪዎች ዘንድ ጠይቁ፤ ከተቻለ ከአንድ የአበባ እርሻ በኪሎ መለመን ይቀላል፤ ለእነሱ ጥቂት ኪሎ ምንም አይደለም። ለ550 ሊትር ውሃ፣ ለሰላጣ፦

- ፖታሲየም ናይትሬት 165 ግራም
- ሞኖፖታሲየም ፎስፌት 82 ግራም
- ማግኒዥየም ሰልፌት 165 ግራም
- ካልሲየም ናይትሬት 330 ግራም
- የብረት ኪሌት (ብረቱ ሟሙቶ እንዲቆይ ተደርጎ የተዘጋጀ) 11 ግራም
- የጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ድብልቅ (ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ ቦሮን፣ መዳብ፣ ሞሊብዲነም) መለያው ላይ በተጻፈው መጠን

እያንዳንዱን በየራሱ ባልዲ አሟሙ። ሦስቱን የመጀመሪያዎች ገንዳው ውስጥ ጨምራችሁ በደንብ አማስሉ፤ ካልሲየም ናይትሬቱን ከዚያ በኋላ ለብቻው ጨምሩ፤ ብረቱንና ጥቃቅኖቹን መጨረሻ ላይ። ካልሲየም ሳይቀጥን ከሰልፌት ጋር ከተገናኘ ጀሶ ይሆናል፣ ከፎስፌት ጋርም ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ባልዲው ታች ላይ የምታዩት ያ ነጭ ዱቄት ገንዘባችሁ ነው፤ ተክሉ አያገኘውም።

ሲያልቅ ኢሲው ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊሲመንስ በሳ.ሜ. ቢሆን ጥሩ ነው። ናይትሬቶቹ እሳት የሚያባብሱ ስለሆኑ ከነዳጅና ከወረቀት ርቀው፣ ተቆልፎባቸው ይቀመጡ። ካልሲየም ናይትሬት እርጥበት ስለሚስብ ከረጢቱ ተከፍቶ ካደረ ይሟሟል።

የቧንቧ ውሃ ይሆናል? በፈረቃ ነው የሚመጣልን።

ይሆናል። ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት በርሜል ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር። ፈረቃውም ችግር አይሆንም፤ ይህ ገንዳ አንዴ ከተሞላ ለሰላጣ እስከ አጨዳ ሊበቃው ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ተክል 7 ሊትር ተኩል ያህል ይደርሰዋልና። ከሮቶ ወደ ገንዳው በአንድ ቀን መሙላት እንድትችሉ ብቻ አመቻቹ።

ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 መሆን አለበት። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት ዛሬ ያወረዳችሁት ፒኤች ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ሎሚና ኮምጣጤ ለጊዜው ያወርዳሉ፤ ተሕዋስያን ስለሚበሏቸው ግን አይዘልቁም። ፎስፎሪክ አሲድ ይሻላል፤ ይህን የሚነካው ጓንትና መነጽር ያደረገ የኬሚስትሪ መምህር ብቻ ነው፤ አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። እንዲህ ባለ ውሃ የብረት ኪሌቱ ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ኢዲቲኤ ፒኤች ከፍ ሲል ብረቱን ይለቃል፣ አዳዲስ ቅጠሎችም ይገረጣሉ።

የፒኤች መለኪያው በየጊዜው በ4 እና በ7 መመርመሪያ ፈሳሽ ካልተስተካከለ ይዋሻል። አንድ ሰሞን በትክክል ከሠራ ለዘላለም ይሠራል ብላችሁ አትመኑት።

ከዘር እስከ ሽያጭ ስንት ሳምንት ይፈጃል?

ከ7 እስከ 8 ሳምንት። ለ72 ቀዳዳ 90 ስፖንጅ አዘጋጁ። ስፖንጁን ውሃ አጠጥታችሁ አየሩን ጨምቃችሁ አውጡ፤ መሐሉን በመስቀል ቅደዱት፤ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ላይ ላዩን አስቀምጡ። የሰላጣ ዘር ብርሃን ይወዳል፤ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። ከ28 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትም ይተኛል፤ ድሬዳዋ ላይ መዝራት በማታ፣ በጥላና በቀዝቃዛ ቦታ ነው።

ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች እስኪከፈቱ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ በግማሽ የቀጠነ ማዳበሪያ። ከ14 እስከ 20 ቀን ውስጥ ከሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ሌላ 3 ወይም 4 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ወደ ኩባያው ይዛወራል። የውሃው ጥልቀት በዚያ ቀን 19 ሳ.ሜ. ይሁን፤ የኩባያው ታች 1 ሳ.ሜ. ይጠልቃል። ከ5 ሳምንት በኋላ ይታጨዳል።

ውሃው ሲወርድ እንሙላው?

እስከ ላይ አትሙሉት! በዚህ ዘዴ የሚሞቱ ሰላጣዎችን አብዛኞቹን የሚገድለው ደግነት ነው። አየር የለመዱት የላይኛው ሥሮች ድንገት ሲሰምጡ ይታፈናሉ፤ ተክሉ ውሃ ላይ ተቀምጦ ይጠወልጋል። ተማሪዎቹ መጠውለጉን ሲያዩ ደግሞ ውሃ ይጨምራሉ። ጥልቀቱ ከ5 ሳ.ሜ. በታች ከወረደ ብቻ 3 ወይም 4 ሳ.ሜ. ጨምሩ። በገንዳው ጥግ በሳ.ሜ. የተሰመረ እንጨት አቁማችሁ ተረኛው ተማሪ በየቀኑ እንዲመዘግብ አድርጉ።

ሌላ ምን ይበላሻል?

ሥሩ ቡናማና ልጋግ ከሆነ፣ ከሸተተም፣ ውሃው ሞቆ በስብሶ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ አደጋ አለው፤ በቆላ ገንዳውን ጥላ ሥር አድርጉ፣ ክዳኑ ነጭ ይሁን። አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) ብርሃን በገባበት ሁሉ ይበቅላል፤ ባዶ ቀዳዳዎችን ድፈኑ። የውስጠኛው ቅጠል ጠርዝ ከተቃጠለ ካልሲየም ጎደለ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቅጠሉ ከሥሩ አቅም በላይ በፍጥነት ሲያድግ ካልሲየሙ አይደርስለትም፤ የቀትር ጥላ ይረዳል። ክሽክሽ ሲታይ በአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በቅጠሉ ጀርባ ርጩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በውሃ እጠቡ። ሌላ ፀረ ተባይ ተማሪ በሚውልበትና በጥሬው በሚበላ ነገር ላይ አይረጭም።

የቆመ ውሃ ትንኝ ይጠራል። ወባ ባለበት ሁሉ፣ በትንኝ የሚተላለፈው የዴንጊ ትኩሳት በሚታወቅባት ድሬዳዋ ደግሞ በተለይ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። በፎሙና በብሎኬቱ መካከል ያለውን ስንጥቅ በጨርቅ ወይም በቴፕ ዝጉ፤ በየሳምንቱ አንድ ኩባያ አንሥታችሁ በባትሪ ብርሃን እጭ መኖሩን እዩ። መዝጋት ካልቻላችሁ ገንዳውን አትሥሩ።

በትንሽ ገንዘብ መጀመር ብንፈልግስ?

በሃይላንድ ጀምሩ። የ2 ሊትሩን ባዶ ላስቲክ አንገቱን ቆርጣችሁ ገልብጡና መልሳችሁ እንደ ማጥለያ ስኩት፤ ችግኙ ከነስፖንጁ አንገቱ ላይ ይቀመጣል፣ ማዳበሪያ ያለበት ውሃ የስፖንጁን ታች እስኪነካ ይሞላል። ውጩ በጋዜጣ ወይም ተማሪዎች በሳሉበት ወረቀት ይጠቀለል፤ ብርሃን እንዳይገባ ነው፣ ሥዕሉ ደግሞ ወላጅን ያስገዛል። 2 ሊትር እስከ መጨረሻው ስለማያደርስ፣ ወላጅ ከወሰደው በሦስተኛው ሳምንት እስከ ግማሽ ድረስ የሚጨመር ሌላ ጠርሙስ የተዘጋጀ ውሃ አብራችሁ ስጡ። ላዩ ላይ «ለመጠጥ አይደለም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ይለጠፍ፤ ሃይላንድ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ በቤት ውስጥ ይጠጣልና።

ይህ ገንዳ አይፈልግም፣ ላስቲኩ ነፃ ነው፣ ሽያጩም ችግኙ በ3 ሳምንቱ ስለሚሆን ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል። ብዙ ትምህርት ቤት እዚሁ ላይ ቢቆም ከገንዳ የበለጠ ያተርፍ ነበር።

ትዕዛዝ እንዴት እንቀበል?

ከመዝራታችሁ በፊት፣ በክፍል። እያንዳንዱ ተማሪ ለወላጁ ቅጽ ይወስዳል፦ ስንት ራስ፣ በየትኛው ዓርብ። ግማሹ ክፍያ አስቀድሞ ይገባል። ከሚጠበቀው ምርት 80 በመቶውን ብቻ ሽጡ፤ ቀሪው ለጉድለት መጠባበቂያ ነው፤ ከተረፈ መምህራን ይገዙታል። ጠዋት ከነሥሩ ይነቀል፣ ሥሩ በእርጥብ ወረቀት ይጠቅለል፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲወስዱ በር ላይ ይረከቡ።

በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ የሚሸጥ ነገር እንዲኖር ገንዳዎቹ በአንድ ቀን አይተከሉም፤ ሦስት ገንዳ ካላችሁ በሁለት ሁለት ሳምንት ልዩነት አድርጉ።

ለዐቢይ ጾም ለማድረስ መቼ እንዝራ?

በ2019 ዓ.ም. ጾሙ የካቲት 29 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለማጨድ 8 ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ጥር 3 አካባቢ ይሆናል። ሁለተኛውን ገንዳ ጥር 17፣ ሦስተኛውን የካቲት 1 ግድም። አንድ እንቅፋት አለ፦ ችግኙ በየቀኑ ውሃ የሚፈልግበት ጊዜ ከጥምቀትና ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ጋር ይጋጫል። ችግኞቹን ለጥበቃ ሠራተኛው አደራ ስጡ፤ ድካሙንም ከሽያጩ ክፈሉት፤ በነፃ የተሰጠ አደራ በበዓል ቀን ይረሳል።

ገንዘቡ በማን እጅ ይሁን?

በማንም ሰው እጅ አይሁን። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር በቀጥታ በትምህርት ቤቱ ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ ወጪ በሁለት ፊርማ ይሁን፤ ጥሬ ገንዘብ ለሰጠ ሁሉ የትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ይቆረጥለት። ከመጀመራችሁ በፊት የወላጅ መምህር ኅብረቱ ገቢው ለምን እንደሚውል በቃለ ጉባኤ ይወስን። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆናችሁ የውስጥ ገቢ አሠራሩን ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በየወሩ ገቢና ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሁለተኛው ዙር ትዕዛዝ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ውጭ አገር ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች እንዴት ይርዱ?

ሰላጣ ሊገዙ አይችሉም፤ ገንዳ ግን ሊያሠሩ ይችላሉ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ የቀድሞ ተማሪ የአንድ ገንዳ ሙሉ ወጪ ዝርዝር ላኩለት፣ ስሙ ገንዳው ላይ ይጻፍ። ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ካለ ደግሞ የፒኤችና የኢሲ መለኪያ ያምጣ፤ ማዳበሪያ ግን አታስመጡ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ናይትሬት አውሮፕላን ላይ አይጫንም።

«ኦርጋኒክ» ብለን መሸጥ እንችላለን?

አትችሉም፤ የማዕድን ማዳበሪያ ነው የተጠቀማችሁት። «በንጹሕ የቧንቧ ውሃ የለማ» ማለት ግን እውነት ነው፤ በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማ አትክልት ለሚያሳስበው የአዲስ አበባ ወላጅም የሚበቃ ምክንያት ነው። ቢሆንም ገዢው ማጠብ አለበት፤ የልጆች እጅ ነክቶታል።

ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ምን እናድርግ?

በሰኔ መጀመሪያ የመጨረሻውን አጭዳችሁ ዝጉት። የተረፈውን ውሃ ግቢ ውስጥ ላሉ ዛፎች አጠጡ፤ ወደ ጅረት አትልቀቁት። ላስቲኩን እጠቡ፣ አድርቃችሁ ጠቅልሉ። ኩባያዎቹን በበረኪና ውሃ ዘፍዝፋችሁ አለቅልቁ። ፎሙን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አይጥ ትወደዋለች፣ መስከረም ላይ ከ72 ቀዳዳ በላይ ታገኛላችሁ።